ከፎቅ በላይ ያለው ጩኸት፦ በጅማ ኮንዶሚኒየም ከጎረቤት ሳይጣሉ እንቅልፍ ማግኛ መንገድ

ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው የሚረከበው ቁልፍ ብቻ አይደለም። ከላይ የሚረግጠውን፣ ከጎን የሚያወራውን፣ ከታች ሱቅ የከፈተውን ሰው ጭምር ይረከባል። ጅማ ውስጥ ብዙዎቻችን የመጣነው ከግቢ ቤት ነው። እዚያ በእኛና በጎረቤት መሃል ጓሮ አለ፣ አጥር አለ፣ የቡናና የሙዝ ተክል አለ። እዚህ ያለው አንድ የብሎኬት ግድግዳ ነው። ስለዚህ ግቢ ቤት ሳለን ማንንም ያላስቸገረ አኗኗራችን ፎቅ ላይ ሲመጣ ጎረቤት ይረብሻል።

ጩኸት ሲበዛ አብዛኛው ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ወር ሙሉ ጥርሱን ነክሶ ይቀመጣል፣ ወይ አንድ ሌሊት ብድግ ብሎ በር ይደበድባል። ብዙ ጊዜ በር መደብደቡ የሚመጣው ያ ሁሉ ዝምታ ሲጠራቀም ነው። እኔ የምመክረው ረጋ ያለና ደረጃ በደረጃ የሚሄድ መንገድ ነው። መሠረቱ አንድ ነገር ነው፦ ከጎረቤታችሁ ጸጥታ አትጠይቁ፣ ሰዓት ጠይቁ።

«አትጩኹብን» የተባለ ሰው ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ልጆች ያሉበት፣ እንግዳ የሚገባበት ቤት ጸጥ ሊል አይችልም። «ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ስፒከሩን ቀንሱልን» የተባለ ሰው ግን ምን እንደተጠየቀ ያውቃል። ቃሉን ቢጠብቅም ባይጠብቅም በግልጽ ይታያል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማል።

1. ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አረጋግጡ

ይህን አትዝለሉት። ፎቅ ላይ ድምፅ ያታልላል። ከላይ የመጣ የሚመስል ምት ከጎን ወይም ከታች ሊሆን ይችላል፤ ኮንክሪት ምትን ተቀብሎ ወደ ሌላ ቤት ያሻግራል። ያልበደለ ሰው በር ላይ ቆማችሁ ከወቀሳችሁ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሁሉ ይበላሻል።

ድምፅ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንዱ በአየር የሚመጣው ነው፦ ወሬ፣ ቴሌቪዥን፣ ሙዚቃ። ይህ በበር ሥር፣ በመስኮት ክፍተት፣ በቧንቧና በኤሌክትሪክ ቀዳዳ ይገባል። ሌላው በምት የሚመጣው ነው፦ ዘነዘና፣ የወንበር እግር፣ የልጆች ሩጫ፣ በወለል ላይ የሚጎተት ጀሪካን። ይህ በወለሉ በራሱ ውስጥ ይጓዛል። መስኮት ብትዘጉም አይቀንስም። የሙዚቃ ባስ ደግሞ ግድግዳ አያቆመውም። የዘፈኑ ቃል ሳይሰማ ዱም ዱሙ ብቻ የሚሰማችሁ ለዚህ ነው። የትኛው ዓይነት እንደሆነ ካወቃችሁ መፍትሔው ግማሽ ተገኘ ማለት ነው።

ድምፁ ሲጀምር ኮሪደር ውጡ። አንድ ፎቅ ውጡ፣ አንድ ፎቅ ውረዱ። ግቢ ውስጥ ወርዳችሁ የየትኛው ቤት መብራት እንደበራ እዩ። የሌሊቱን ጥበቃም ጠይቁት፤ ማን ስንት ሰዓት እንደሚገባ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

የጅማን ዝናብም አትርሱ። ከተማችን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። በክረምት ቆርቆሮው ሲደበደብ ሁሉም ሰው ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርጋል። ዝናቡ ሲያባራ ግን መልሶ የሚቀንሰው ጥቂቱ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ጩኸት ባለቤቱ ራሱ አያስተውለውም። አንድ ቃል ብቻ ይበቃዋል።

ከቅሬታ የሚወጡም አሉ። ለቅሶ፣ ሠርግ፣ የበዓል ዋዜማ፣ በረመዳን ለሱሁር የሚነሳ ቤት፣ አራስ ቤት የሚያለቅስ ጨቅላ። እነዚህን ጎረቤት ይሸከማል። ነገ የእኛም ድንኳን እዚያው ግቢ ውስጥ ይተከላል። ቅሬታ ማቅረብ ያለባችሁ በሚደጋገምና ሊቀየር በሚችል ነገር ላይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከዚህ ሁሉ ለይቼ ልናገር። የሰማችሁት ሴት ወይም ልጅ ሲደበደብ ከሆነ ጉዳዩ የጩኸት ጉዳይ አይደለም። ኮሚቴ አትጠብቁ፣ ደብዳቤ አትጻፉ። ያኔውኑ ጎረቤት ሰብስቡ፣ ፖሊስ ጥሩ።

2. የማኅበሩን ደንብ አውጥታችሁ አንብቡ

የጋራ ሕንፃ በማኅበር ይተዳደራል። ማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ይኖረዋል፤ ብዙ ጊዜም ዝርዝሩን የሚይዝ ውስጠ ደንብ አለው። ከኮሚቴው ጸሐፊ ቅጂ ጠይቁ። የምትፈልጉት ስለ ድምፅ፣ ስለ ጸጥታ ሰዓት፣ ስለ ጀነሬተር፣ ስለ ኮሚናል (የግቢው የጋራ መገልገያ ቤት) አጠቃቀምና ስለ ቅጣት የሚለውን ነው። በብዙ ግቢ ደንቡ ስለ ወርሃዊ መዋጮ በዝርዝር ይናገርና ስለ ድምፅ አንድ መስመር ብቻ ይኖረዋል። ጭራሽ የሌለውም አለ። ከሌለ ወደፊት የምትሠሩት ሥራ ታወቀ ማለት ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

3. ሄዳችሁ አነጋግሩ

ከሁሉም በላይ የሚሠራው ይህ ነው። ብዙ ጩኸት እዚህ ላይ ያበቃል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ድምፁ ወደ ጎረቤት እንደሚሻገር አያውቅም።

ጊዜ ምረጡ። ጩኸቱ እየተሰማ፣ ደማችሁ ፈልቶ አትሂዱ። ሌሊትም አትሂዱ። እንግዳ ባለበት፣ አርብ በጁምዓ ሰዓት፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለሱ አትሂዱ። በሥራ ቀን አመሻሽ ላይ ጥሩ ነው። ቡና የሚፈላበት ሰዓት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ጅማ ላይ ቡና ቀርቦለት ሳይጠጣ ነገር የሚጀምር እንግዳ አይወደድም። ስኒውን ተቀበሉ፣ ጠጡ፣ ስለ ልጆች ጠይቁ፣ ከዚያ ወደ ጉዳያችሁ ግቡ።

ብቻችሁን ሂዱ። ሦስት አራት ሆኖ መሄድ ክስ ይመስላል። ልዩነቱ፣ እናንተ ወጣት ሆናችሁ የሚነገረው ሰው በዕድሜ የገፋ ከሆነ ነው። ያኔ ከዚያው ደረጃ የሚከበሩ አንድ ሰው ይዛችሁ ብትሄዱ አክብሮት ነው። ሰውየው አፋን ኦሮሞ የሚቀናው ከሆነና እናንተም የምትችሉ ከሆነ በዚያው ተነጋገሩ። ካልቻላችሁ ሰላምታውን እንኳ በእሱ ቋንቋ በሉ፤ ፊት ሲፈታ ታዩታላችሁ። ኦቦ፣ አዴ፣ ሀጂ፣ ጋሼ፣ እትዬ፤ የለመዱትን መጠሪያ ተጠቀሙ።

ንግግሩ ይህን ይመስላል፦

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? ከእርስዎ ሥር ያለው ቤት ነኝ።»

«ውይ ግባ ልጄ፣ ምነው በደህና?»

«ደህና ነኝ እትዬ። አንድ ነገር ላስቸግርዎት ብዬ ነው። ጠዋት ቡና ሲወቀጥ ልክ ከአልጋዬ በላይ ነው። እኔ ደግሞ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነኝ፣ ገና በዚያ ሰዓት ነው ጋደም የምለው።»

«እንዲህ ይሰማል እንዴ? መች አወቅኩት ልጄ!»

«ቤቱ ነው እትዬ፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ወደ ሳሎን በኩል ቢወቀጥልኝ፣ ሥሩ ደግሞ ጎማ ቢደረግ ብዬ ነው። ጎማውን እኔ ይዤ መጥቻለሁ።»

በዚህ ንግግር ውስጥ ስድብ የለም፣ ማስፈራሪያ የለም። ድምፁ ተለይቷል፤ ዘነዘና ነው። ሰዓቱ ተለይቷል፤ ጠዋት ነው። የተጠየቀውም ሊደረግ የሚችል ነገር ነው። ጠያቂውም ባዶ እጁን አልመጣም። እትዬ ቡና መውቀጥ እንዲያቆሙ የጠየቃቸው የለም። ጅማ ላይ ቡና አትውቀጡ ማለት ደግሞ አያምርም።

የማይባሉ ነገሮች አሉ። «ሁልጊዜ ነው የምትረብሹት» አትበሉ፤ ሰውየው ዝም ያለባቸውን ቀናት መቁጠር ይጀምራል። «ሰው ሁሉ ያማችኋል» አትበሉ፤ እሱ ሌላ ጠብ ነው። «ኮሚቴ እነግራለሁ» በመጀመሪያ ቀን አይባልም። ከሁሉ በላይ የሰውን ወገን፣ እምነት፣ የመጣበትን አገር በፍጹም አታንሱ። አንድ ጊዜ ያ ቃል ከወጣ ጉዳዩ ከስፒከር ይወጣና ማንም ሽማግሌ በቀላሉ የማይመልሰው ነገር ይሆናል። ስለ ድምፁ ብቻ ተናገሩ።

ተከራይ ወጣቶች ከሆኑ አቀራረቡ ትንሽ ይለያል። ጅማ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ አንድ ቤት ለአራት ለአምስት ተከራይተው የሚኖሩ ብዙ ናቸው። በርጫ አለ፣ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ አለ፣ የልደት ቀን አለ። እነሱን እንደ ታናሽ ወንድም አናግሩ። «ጨዋታ ያለ ቀን እስኪያልቅ ችግር የለብኝም። ካለቀ በኋላ ግን ሙዚቃውን አጥፉልኝ፣ ልጆቼ ጠዋት ተማሪ ናቸው» በሏቸው። ስልክ ተለዋወጡ። ሌሊት በር ከመምታት «ወንድሜ፣ ትንሽ ቀንሱልን» የሚል አጭር መልእክት ይሻላል። ወጣት በጓደኞቹ ፊት ሲወቀስ ይብስበታል፣ በስልክ ሲለመን ግን ይሰማል።

ሰውየው በቁጣ ከመለሰላችሁ «እሺ፣ ሌላ ቀን እንነጋገራለን» ብላችሁ ውጡ። በዚያው ቀን አትመለሱ። ጥሩ ከመለሰላችሁ ደግሞ ከሳምንት በኋላ ደረጃ ላይ ስትገናኙ አመስግኑት፤ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ተኝቼ አደርኩ» በሉት። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ያልተመሰገነ ሰው ለውጡ የታየለት አይመስለውም፣ ቀስ በቀስም ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

4. በዕቃ የሚፈታውን በዕቃ ፍቱት

ምት የሚቆመው ከሚነሳበት ቦታ ነው። ከታች ሆናችሁ ጣሪያችሁ ላይ ምንም ብትለጥፉ ብዙ አይጠቅምም። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከላይ ላለው ቤት ብታወጡት ይሻላል። እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ግን አንድ የጎማ ቁራጭ ከስድስት ወር ክርክር ይረክሳል።

ለሙቀጫ፦ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ወፍራም ቁራጭ ከሂርማታ ገበያ አካባቢ ታገኛላችሁ። በላዩ ላይ የታጠፈ ጆንያ አድርጉ። ሙቀጫው የክፍሉ መሃል ላይ ባይቀመጥ ይሻላል፤ ግድግዳ ጥግ ወለሉ ጠንከር ይላል። ግቢያችሁ ኮሚናል ካለው ደግሞ ብዙ የሚወቀጥ ነገር፣ በርበሬም ሆነ ለድግስ የሚሆን ቡና፣ እዚያ ይሁን። ኮሚናል የተሠራው ፎቅ ላይ ለማይመች ሥራ ነው፦ ለእርድ፣ ለእንጀራ፣ ለድግስ። በየግቢው ግን መጋዘን ሆኖ ይቀራል። ኮሚቴው ቁልፉን ለነዋሪ ክፍት እንዲያደርግ ጠይቁ።

ለወንበርና ለጠረጴዛ፦ በየእግሩ ሥር የላስቲክ ወይም የወፍራም ጨርቅ ቁራጭ ይለጠፍ። ልጆች የሚሮጡበት ሳሎን ምንጣፍ ይነጠፍ፤ ሥሩ ስፖንጅ ቢኖረው ይበልጥ ይረዳል።

ለውኃ፦ ውኃ በሌሊት ሲመጣ ግቢው ሁሉ ይነሳል። ይህን ማንም አይከለክልም፤ ውኃ ካልተቀዳ ነገ ቤቱ አይውልም። ጀሪካን ግን ይነሳል እንጂ አይጎተት። ከመተኛት በፊት ጀሪካኖቹን ቧንቧው አጠገብ ደርድሮ ማደር ግማሹን ጫጫታ ያስቀራል። ውኃ መሳቢያ ሞተር ካለ ሥሩ ጎማ ይደረግ፣ ከግድግዳ ይራቅ።

በአየር ለሚመጣው ድምፅ ደግሞ ሥራው የራሳችሁ ቤት ውስጥ ነው። የላሜራ በር ከሥሩ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለው። እሱን በስፖንጅ ወይም በጎሚኒ ዝጉት። የመስኮቱ ስቱኮ የረገፈበትን አስሞሉ። ቁም ሣጥን ከጎረቤት ጋር በሚያዋስነው ግድግዳ ላይ አስጠጉ፣ ልብስ የሞላበት ከሆነ ይበልጥ ይረዳል። አልጋችሁን ከዚያ ግድግዳ አርቁ። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ግን ድምፅ አያቆምም። በራሳችሁ ክፍል ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ትንሽ ይቀንሳል እንጂ ከጎረቤት የሚመጣውን አይከለክልም። ድምፅን የሚያቆመው ክብደት መኖሩና ክፍተት አለመኖሩ ነው።

5. መዝግቡ

አነጋግራችሁ፣ አንድ ሁለት ሳምንት ጠብቃችሁ ካልተለወጠ ደብተር ክፈቱ። ቀን፣ የተጀመረበት ሰዓት፣ ያለቀበት ሰዓት፣ ምን ዓይነት ድምፅ፣ ማን አብሯችሁ ሰማ። ይኸው ነው። ሐተታ አትጻፉ። «ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 5፡30 እስከ 8፡00፣ ሙዚቃ በስፒከር፣ ከሦስተኛ ፎቅ፤ የጎን ቤትም ሰምተዋል» ይበቃል።

ስልክ ላይ ድምፅ የሚለካ አፕሊኬሽን አለ። ለራሳችሁ ግምት ይረዳል፣ ግን ማስረጃ አድርጋችሁ አትመኩበት፤ ስልክ የተስተካከለ መለኪያ አይደለም። ለማነጻጸር ያህል፣ በሀገራችን የአካባቢ ጥበቃ ደረጃ ለመኖሪያ ሠፈር የተቀመጠው ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲያወራ ወደ 60 ይጠጋል። 10 ዴሲቤል ሲጨምር ደግሞ ለጆሮ እጥፍ ያህል ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ 55 እና 45 በቁጥር ቢቀራረቡም በጆሮ በጣም ይራራቃሉ።

ከራሳችሁ ቤት ሆናችሁ የሚሰማውን መቅዳት ትችላላችሁ። የሰው በር ላይ ቆሞ ቪዲዮ ማንሳት፣ የቀረጹትን በግቢው ቴሌግራም ግሩፕ መልቀቅ ግን ነገር ያከራል። ሰውን በሕዝብ ፊት ካዋረዳችሁት በኋላ ስለ ሰዓት መደራደር አይቻልም።

6. ወደ ኮሚቴ

መጀመሪያ የብሎካችሁን ተወካይ በቃል አናግሩ። ካልሆነ ለኮሚቴው በጽሑፍ አቅርቡ። በቃል የቀረበ አቤቱታ ኮሚቴ ሲቀየር ይጠፋል። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ፦

«ለማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ
ጉዳዩ፦ የሌሊት ድምፅ መፍትሔ እንዲሰጠው ስለመጠየቅ

በብሎክ __ የቤት ቁጥር __ ነዋሪ ነኝ። ከቤት ቁጥር __ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ በስፒከር የሚለቀቅ ሙዚቃ በተደጋጋሚ እየረበሸን ነው። ጎረቤቴን በአካል አነጋግሬያለሁ፤ ለጊዜው ተሻሽሎ እንደገና ቀጥሏል። የቀኖቹን ዝርዝር አያይዣለሁ። ኮሚቴው ሁለታችንንም ጠርቶ እንዲያነጋግረንና ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ድምፅ እንዲቀንስ ስምምነት ላይ እንዲያደርሰን በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ስም፣ ፊርማ፣ ቀን። ሌሎች ቤቶችም የሚሰሙ ከሆነ ይፈርሙ። በሁለት ቅጂ አድርጉት፤ አንዱ ላይ ጸሐፊው ተቀብያለሁ ብሎ ይፈርምላችሁ። ጎረቤታችሁ ተከራይ ከሆነ ኮሚቴው ለአከራዩም እንዲያሳውቅ ጠይቁ። አከራይ ሩቅ አገር ቢሆንም ስልክ አለው፤ የእሱ አንድ ጥሪ ከኮሚቴው ሦስት ስብሰባ ሊበልጥ ይችላል።

ከኮሚቴ የማይጠየቅም አለ። «ውኃ ቁረጡበት፣ መብራት አጥፉበት» አትበሉ። ኮሚቴው ሰው ቤት ገብቶ ዕቃ አይወስድም። የኮሚቴው ጉልበት ደንብ ማስከበርና ሰው ማገናኘት ነው።

ደንቡ ስለ ድምፅ ምንም የማይል ከሆነ ጊዜው አሁን ነው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ አስይዙ። በእኔ እምነት በአንድ ሰው ላይ ከሚቀርቡ አሥር አቤቱታዎች ለሁሉም የሚሠራ አንድ አጭር ደንብ ይበልጣል፤ ማንም ተለይቶ የተነካ አይመስለውም። ደንቡ ላይ እነዚህ ቢኖሩ ይጠቅማል፦

ጸጥታ የሚጠበቅበት ሰዓት ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ይሁን። ብየዳ፣ ቁፋሮና የቤት እድሳት ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ። ጀነሬተር መሬት ላይ፣ ከመስኮት ርቆ ይቀመጥ፤ የሚጠፋበት ሰዓትም ይወሰን። ድግስ ያለበት ቤት ከሦስት ቀን በፊት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። ለቅሶ ከዚህ ውጭ ነው። መጀመሪያ የቃል፣ ከዚያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ ጉባኤው የወሰነው ቅጣት። በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ ይፈረም፣ በየደረጃው መግቢያ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይለጠፍ።

7. ሽማግሌና እድር

ኮሚቴው ካቃተው ወይም ኮሚቴው ራሱ የጎረቤታችሁ ወዳጅ ከሆነ ሽማግሌ ያዙ። ሁለት ወይም ሦስት ሰው፣ ሁለቱም ወገን የሚያከብራቸው። ከእናንተ ወገን ብቻ የተመረጠ ሽማግሌ አይሠራም። የእድሩ ሰብሳቢ፣ የመስጊድ ወይም የቤተ ክርስቲያን አባት፣ ጡረታ የወጡ መምህር ሊሆኑ ይችላሉ። እድር ጥሩ ነው፤ ከእድር መጣላት ማንም አይፈልግም። እዚህም ላይ የምትጠይቁት ያው ሰዓት ነው። «ይቅር ለእግዜር» ተባብሎ ሰዓት ሳይቆረጥ ከተለያያችሁ ከወር በኋላ እዚያው ናችሁ።

በኦሮሚያ ደግሞ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 240 የተቋቋሙ የባህል ፍርድ ቤቶች አሉ። ሁለቱም ወገን ሲስማማ ጉዳዩን በአካባቢው ባህል አይተው ይወስናሉ። ለጎረቤት ነገር ከመደበኛ ፍርድ ቤት ይልቅ የሚመች መንገድ ነው፤ ቅርብ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ዓላማውም ማስታረቅ ነው።

8. ሕግ

እዚህ የሚደርስ ጉዳይ ጥቂት ነው። ግን ሕጉ ከእናንተ ጋር እንደሆነ ማወቁ ስትነጋገሩም ያረጋጋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1225 ባለንብረት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳያውክ ያዛል። ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፉ ይላል። ልኩ ሲመዘን የአካባቢው ልማድ ይታያል። ለዚህ ነው የሠርግ ሌሊትና በየሌሊቱ የሚለቀቅ ስፒከር እኩል የማይታዩት። አንቀጽ 1149 ደግሞ በይዞታው ላይ ሁከት የተፈጠረበት ሰው ሁከቱ እንዲወገድ መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ሕግ ቤት «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለው ክስ ይህ ነው። ሁከቱ በተፈጠረ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም የሰውን ሥራና ዕረፍት በጩኸት ማወክን በደንብ መተላለፍ ክፍሉ ውስጥ አስገብቶታል፤ ሌሊት ፖሊስ የሚጠራው በዚህ ነው።

ወደ ቀበሌም ሆነ ወደ ፍርድ ቤት ስትሄዱ ደብተራችሁን፣ ኮሚቴው የፈረመበትን ቅጂና ምስክሮቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻው በዚያ ቋንቋ ቢጻፍ ነገሩ ይፈጥናል። ፍርድ ቤት አካባቢ ያሉ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ያዘጋጁላችኋል። አስቀድማችሁ ግን ቀኑንና ሰዓቱን በንጹሕ ወረቀት ስጧቸው፤ ካልሆነ ጉዳያችሁ «ሰላም ነሳኝ» በሚል ጥቅል ቃል ይጻፍና ዳኛው የሚይዘው ነገር ያጣል።

ጩኸቱ ከምድር ቤት ሱቅ ከሆነ

ምድር ቤቱ ለንግድ በሆነበት ብሎክ አንደኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ግሮሰሪ፣ ፑል ቤት፣ ፕሌይስቴሽን፣ ደንበኛ ለመጥራት በር ላይ የቆመ ስፒከር፣ የብረታ ብረት ሥራ። መጀመሪያ ባለቤቱን አነጋግሩ፤ ተቀጣሪው ልጅ ድምፅ የሚቀንስበት ሥልጣን የለውም። ስፒከሩ ወደ ውስጥ እንዲዞርና ከግድግዳ እንዲላቀቅ ጠይቁ፤ ይህ ብቻውን ብዙ ለውጥ ያመጣል። ካልሆነ ነጋዴው ፈቃድ አለው፣ ፈቃዱ ደግሞ በየዓመቱ ይታደሳል። ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤትና ለአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በማኅበሩ ስም የሚቀርብ አቤቱታ ከአንድ ሰው አቤቱታ ይልቅ ይሰማል። ፈቃዱ ለሱቅ ሆኖ ቤቱ ብየዳ የሚሠራ ከሆነ ይህን ለይታችሁ ጻፉ።

ተከራይ ሲቀያየር

ብዙ የደከማችሁበት ስምምነት ተከራዩ ሲወጣ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ አከራዮች የኪራይ ውል ሲጽፉ አንድ መስመር እንዲጨምሩ በጉባኤው አስወስኑ፦ «ተከራይ የማኅበሩን ውስጠ ደንብ ተቀብሏል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ድምፅ ይቀንሳል።» የውስጠ ደንቡ ቅጂም ከውሉ ጋር ይያያዝ። አዲስ ሰው ዕቃ ሲያወርድ ደግሞ ወጥታችሁ አግዙት፣ በዚያው ቀን ቡና ጥሩት። ሰዓቱን ያኔ ብትነግሩት የቤቱን ልማድ ያስተዋወቃችሁት ሆኖ ይቆጥረዋል። ከሦስት ወር በኋላ ብትነግሩት ግን ቅሬታ ሆኖ ይሰማዋል።